የእርጎ ባክቴሪያዎችን በኢንፍራሬድ እንዴት እንለያለን?

ሁለት ፔትሪ ዲሾች ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሁለቱም ላይ ነጭ፣ ክብ፣ ወዝ ያለው ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) በቅሏል። ግራም ስቴይን ስታደርጉ ሁለቱም ሐምራዊ ይሆናሉ። ማይክሮስኮፕ ሥር ሁለቱም የዘንግ ቅርጽ አላቸው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብታንጠባጥቡባቸው አንዳቸውም አረፋ አይሰጡም። አንዱ የወጣው ከአንድ ቤት እርጎ ነው፣ ሌላው ከጎረቤት። አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

እርጎውን ለሚጠጣው ሰው ጥያቄው ብዙም አያሳስብም። ፕሮባዮቲክ (ለጤና የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ) ለሚፈልግ ግን ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝርያ ሰፊው ስም ነው። ስትሬን ደግሞ በዚያ ዝርያ ውስጥ ያለ አንድ የተለየ የዘር መስመር ነው። የጤና ጥቅም የሚጠናውና የሚመሰከረው ለስትሬን ነው። ላክቲኬይሲባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂን ውሰዱ። በ1983 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሸርዉድ ጎርባክና ባሪ ጎልዲን የለዩት ባክቴሪያ ነው፣ ጂጂ የተባለውም በአባቶቻቸው ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው። በልጆች ተቅማጥ ላይ ብዙ ጥናት ተሠርቶበታል። ያ ጥናት ግን ለጂጂ እንጂ ለራምኖሰስ ዘመድ ሁሉ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅቱ ፋኦ በ2002 ባወጡት መመሪያም ፕሮባዮቲክ እስከ ስትሬን ደረጃ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃሉ።

ቁርጡን የሚነግረን ሙሉ የጂኖም ንባብ ነው። ከእርጎ 60 ኮሎኒ ለቅማችሁ 60ውንም ማስነበብ ግን ኪስ ይጎዳል። አንድ ጂን ብቻ የሚያነበው የተለመደው የ16ኤስ ምርመራ ደግሞ ስትሬን አይለይም፣ ቅርብ ዘመዳሞች ላይ ዝርያውንም ያምታታል። ኢንፍራሬድ የሚገባው እዚህ መሃል ላይ ነው። ማሽኑ ካለ የሚያስፈልጋችሁ ኤታኖልና የተጣራ ውሃ ነው፣ አንድ ናሙናም በጥቂት ደቂቃ ይነበባል። ኤፍቲአይአር የሚባለው ይህ ማሽን በብዙ ኬሚስትሪ ክፍሎች አለ። የማይክሮባዮሎጂ ሰዎች ሄደው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ማሽኑ ምን ያያል?

ኢንፍራሬድ ጨረር በሞለኪውል ውስጥ ያሉትን ትስስሮች ያንቀጠቅጣል። እያንዳንዱ ትስስር የሚውጠው የጨረር ቦታ የራሱ ነው። ማሽኑ የተዋጠውን በጉብታ ይስላል፤ ሥዕሉ ስፔክትረም ይባላል። ቦታው የሚጠራው በሞገድ ቁጥር ነው፤ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ሞገድ ይገባል ማለት ነው። ከ3000 እስከ 2800 ያለው የሴል ሽፋን ስብ ነው። 1655 እና 1545 አካባቢ ያሉት ሁለት ትልልቅ ጉብታዎች ፕሮቲን ናቸው፤ አንደኛውና ሁለተኛው አማይድ ይባላሉ። 1240 አካባቢ ፎስፌት አለ። ከ1200 እስከ 900 ያለው ደግሞ የስኳር ሰንሰለቶች ሰፈር ነው።

ይህን የመጨረሻውን ሰፈር አትርሱት። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ስትሬኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚለያዩት በልብሳቸው ነው። የሴል ግድግዳቸው፣ ከውጭ የሚያለብሱት ዝልግልግ ስኳር፣ በግድግዳው ላይ የተሰካው ቴይኮይክ አሲድ፣ ሁሉም እዚህ ይታያሉ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በርሊን ሮበርት ኮኽ ኢንስቲትዩት የነበሩት ዲተር ናውማንና ባልደረቦቹ በ1991 ኔቸር ላይ ካወጡት ጀምሮ ሲሻሻል ቆይቷል። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይያዝልኝ። ማሽኑ ዘር አያነብም። የሚያየው ሴሉ ዛሬ ምን በልቶ፣ ስንት ሰዓት አድሮ፣ ምን ለብሶ እንደመጣ ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሥራ አብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ንጹህ ኮሎኒ

1 ሚሊ ሊትር እርጎ በ9 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ (0.85 በመቶ) በጥብጡ። ከዚያ በአሥር አሥር እጥፍ እያቀጠናችሁ እስከ ስድስተኛው ድረስ ውረዱ። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቱቦዎች 0.1 ሚሊ ሊትር እየወሰዳችሁ ኤምአርኤስ አጋር ላይ ዘርጉ። ኤምአርኤስ በ1960 ደ ማን፣ ሮጎሳና ሻርፕ ለላክቶባሲለስ ያዘጋጁት ምግብ ነው። ቢፊዶባክቴሪየም የምትፈልጉ ከሆነ 0.05 በመቶ ሲስቴይን ጨምሩና ኦክስጅን በሌለበት አሳድጉ።

የመጣውን ኮሎኒ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እየነጠላችሁ እንደገና ዝሩ። ሁለት ባክቴሪያ ተደባልቆ ከተለካ ስፔክትረሙ የሁለቱ አማካይ ይሆናል፣ የትኛውንም አይመስልም። ነጥሎ መዝራት አሰልቺ ነው፣ ገብቶኛል። ግን አትዝለሉት። ከዚያ ግራም ስቴይንና ካታሌዝ (የፐርኦክሳይዱን የአረፋ ሙከራ) ሥሩ። ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ግሊሰሮል ያለበት ቱቦ አዘጋጁና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከመለካት በፊት ነው።

በመደብር የሚሸጥ የፕሮባዮቲክ ካፕሱል ፈትታችሁ ዱቄቱን በቀጥታ ማሽኑ ላይ ማድረግ እንደማይሆንም ልንገራችሁ። በካፕሱሉ ውስጥ ከባክቴሪያው ጋር ማልቶዴክስትሪን፣ ሴሉሎስ ወይም የወተት ዱቄት ሊኖር ይችላል። የምታዩት እነሱን ነው። ካፕሱሉም እንደ እርጎው መጀመሪያ ሚዲያ (እንደ ኤምአርኤስ ያለ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ ይብቀል።

2. የምታመሳክሩበትን አዘጋጁ

ስፔክትረም ብቻውን ስም የለውም። ስሙ የሚገኘው ከሚታወቅ ጋር ሲነጻጸር ነው። ከታወቁ የባክቴሪያ ስብስቦች ማመሳከሪያ ስትሬኖችን አስመጡ። ራምኖሰስ ጂጂ በአሜሪካው ኤቲሲሲ 53103 ቁጥር ተመዝግቧል። ላክቲፕላንቲባሲለስ ፕላንታረም 299ቪ ደግሞ በጀርመኑ ዲኤስኤምዜድ ስብስብ ቁጥሩ 9843 ነው። ከእርጎ ለሚነሳ ሥራ ላክቶኮከስ ላክቲስና ሉኮኖስቶክም መጨመር አለባቸው። ከአንድ ዝርያ ሁለት ሦስት ስትሬን ካልያዛችሁ ዘዴው ስትሬን መለየት መቻሉን የምታውቁበት መንገድ የለም።

ስም ላይም ጠንቀቅ በሉ። በ2020 ላክቶባሲለስ የሚባለው ወገን ለ25 ተከፍሏል። የድሮ ጽሑፍ ላይ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የሚለው የዛሬው ላክቲፕላንቲባሲለስ ነው። ሁለቱ ስሞች በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከተቀላቀሉ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ ያስባል።

3. አስተዳደግ፦ ውጤቱ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ነው

አንድ ጊዜ ከእርጎ ያገኘናቸውን ስምንት ባክቴሪያዎች ለካሁ። ውጤቱ ያምር ነበር። አራቱ በአንድ ወገን፣ አራቱ በሌላ ወገን ተሰብስበዋል፤ መሃላቸው ሰፊ ክፍተት አለ። ሁለት ስትሬን አገኘን ብዬ ለባልደረቦቼ ነገርኩ። ማታ ደብተሬን ሳገላብጥ በአምስተኛው ናሙና ትይዩ፣ ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ «አዲስ ጠርሙስ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። የኤምአርኤሱ ዱቄት አልቆ ከሌላ አምራች የመጣ ጠርሙስ ከፍተን ነበር። ስምንቱንም ከአንድ ጠርሙስ በተሠራ አጋር ላይ እንደገና ሳሳድግ ክፍተቱ ጠፋ። የለካሁት የሚዲያውን ልዩነት ነበር። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚዲያ ጠርሙስ ቁጥር ከናሙናው ስም አጠገብ ሳልጽፍ አልጀምርም።

ስለዚህ ለአንድ ሥራ የሚሆነውን ሚዲያ በሙሉ ከአንድ ጠርሙስ፣ ቢቻል በአንድ ቀን ሥሩ። በየፔትሪ ዲሹ የምታፈሱት መጠን እኩል ይሁን፤ 20 ሚሊ ሊትር ጥሩ ነው። ሙቀቱ አንድ ይሁን፣ 37 ዲግሪ ካላችሁ ሁሌም 37። ላክቶኮከስና ሉኮኖስቶክ 30 ዲግሪ ይመቻቸዋል፤ እነሱን በራሳቸው ቡድን ለኩ እንጂ 37 ላይ ካደጉት ጋር አታወዳድሩ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። 24 ሰዓት ካላችሁ ማለዳ 3 ሰዓት ላይ የገባው በማግስቱ 3 ሰዓት ላይ ይውጣ። ያረጀ ሴል ስቡም ስኳሩም ይለወጣል።

መብራት ከጠፋስ? ኢንኩቤተሩ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ጻፉ፣ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ያንን ዙር ጣሉት። ያማል፣ ግን ከተሳሳተ ውጤት ይሻላል።

ከግሊሰሮል የወጣ ባክቴሪያን በቀጥታ አትለኩ። ሁለት ጊዜ አሳድጉት፣ ሦስተኛውን ለኩ። አንድን ስትሬን ደግሞ በሦስት የተለያዩ ቀናት እንደ አዲስ አሳድጋችሁ ለኩ። ከአንድ ፔትሪ ዲሽ ሦስት ጊዜ መልቀም ይህንን አይተካም።

4. ናሙናውን መልቀም

ኮሎኒውን በ1 ማይክሮ ሊትር ሉፕ (ጫፉ ቀለበት የሆነ መልቀሚያ) ከላይ ከላይ ልቀሙ። አጋሩን እንዳትነኩ። አጋር ራሱ ስኳር ነው፣ ጉብታዎቹም 1070 እና 930 አካባቢ ይወጣሉ። ትንሽ ጭረት እንኳ ያንኑ የምንፈልገውን ሰፈር ያበላሻል። አሲድ ሠሪዎችን ለመለየት ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት ኤምአርኤስ የምትጠቀሙ ደግሞ ከእሱ ላይ ለመለካት አትልቀሙ። ካርቦኔቱ 1420 እና 875 አካባቢ ጎልቶ ይወጣል። ንጹህ ኤምአርኤስ ላይ አዙራችሁ አሳድጉ።

የሞላ ሉፕ በ50 ማይክሮ ሊትር 70 በመቶ ኤታኖል ውስጥ አድርጉ። ቮርቴክስ ላይ እብጠቱ እስኪፈታ አሽከርክሩ። ከዚያ 50 ማይክሮ ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና በጥብጡ። ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሱና እዩት። እንደ ቀጭን አጃ ሾርባ ወጥ ሆኖ መደፍረስ አለበት። ነጫጭ ፍርፋሪ ካለ አልተፈታም፣ ቀጥሉ። ዝልግልግ ስኳር የሚሠሩት በቀላሉ አይፈቱም፤ ንጹህ፣ ትንንሽ የብረት ወይም የብርጭቆ እንክብል ቱቦው ውስጥ መጨመር ይረዳል።

ኤታኖሉ ሴሉን ስለሚገድል ናሙናውን ኬሚስትሪ ክፍል መውሰድ አያሳስብም። ቀድሞ ባሲለስ ኮአጉላንስ ይባል የነበረውን የመሰሉ፣ ስፖር (የማይበገር የእንቅልፍ ቅርጽ) የሚሠሩ ፕሮባዮቲኮች ግን በኤታኖል አይሞቱም፣ እነሱን እንደ ሕያው ቁጠሯቸው።

በፈሳሽ ሚዲያ ያሳደጋችሁ ከሆነ በሴንትሪፊውጅ አውርዳችሁ በጨው ውሃ ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻም በተጣራ ውሃ አንድ ጊዜ እጠቡ። ሳይታጠብ የቀረ ላክቲክ አሲድ የራሱን ጉብታ ይዞ ይመጣል።

5. ማድረቅና መለካት

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ጨረሩ በናሙናው ውስጥ የሚያልፍበት ነው። ከ10 እስከ 15 ማይክሮ ሊትር በሲሊከን ወይም በዚንክ ሰሌናይድ ሳህን ላይ ጣሉ፣ 37 ዲግሪ ላይ ለ20 ደቂቃ አድርቁ። የማይክሮስኮፕ መስታወት አይሆንም፣ መስታወት ይህን ጨረር ይውጠዋል። ሁለተኛው በአልማዝ ላይ የሚለካበት ኤቲአር ነው። 5 ማይክሮ ሊትር አልማዙ ላይ ጣሉና እዚያው ይድረቅ። ጨረሩ ወደ ናሙናው የሚገባው ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሴሉ አልማዙ ላይ ተኝቶ መድረቅ አለበት። የሁለቱ መንገዶች ስፔክትረም አንድ አይነት ስላልሆነ በአንድ ማመሳከሪያ ውስጥ አትቀላቅሏቸው።

የደረቀውን ነጥብ በዓይናችሁ እዩት። ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ቀጭን ወተት መሳይ ሽፋን ጥሩ ነው። ዳሩ ወፍሮ መሃሉ ባዶ የሆነ፣ እንደ ቡና ስኒ ኮቴ ምልክት የመሰለ ቀለበት ከሆነ ጨረሩ ባዶውን ነው የሚያየው። አዲስ ነጥብ አንጠባጥቡ።

ማሽኑን ከ30 ደቂቃ በፊት አሙቁት። ቦታውን በፖሊስታይሪን ፊልም አረጋግጡ፣ 1601 ላይ ያለው ሹል ጫፍ ከቦታው እንዳልተንቀሳቀሰ እዩ። ከ4000 እስከ 600 ለኩ፣ ጥራቱን (ሬዞሉሽን) 4 ላይ፣ የንባቡን ብዛት 64 ላይ አድርጉ። የባዶውን ሳህን ንባብ በየናሙናው መካከል አድሱ። ለአንድ ናሙና ቢያንስ ሦስት ነጥብ ይነበብ።

በክረምት የሚያስቸግረው እርጥበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአየሩ እንፋሎት ከ1800 እስከ 1500 ባለው ቦታ ላይ እንደ ጥርስ የሾሉ ቀጫጭን መስመሮች ይስላል። ፕሮቲኑ ላይ ነው የሚወርዱት። በማሽኑ ውስጥ ያለውን የማድረቂያ ከረጢት ቀይሩ፣ ናሙና ክፍሉን ከከፈታችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። 2350 አካባቢ የሚመጣው ደግሞ የእናንተው ትንፋሽ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ለሥራችን ስለማያስፈልግ ዝም ብላችሁ ቁረጡት።

6. የማይረባውን ስፔክትረም ጣሉ

ጨረሩ በሚያልፍበት መንገድ ስትለኩ የመጀመሪያው የአማይድ ጉብታ ከፍታ ከ0.3 እስከ 1.2 ባለው ውስጥ ይሁን። ከዚያ ካነሰ ናሙናው ቀጥኗል፣ ከበለጠ ወፍሯል። ሦስቱን ነጥቦች ደርባችሁ ሳሉ። አንዱ ከሁለቱ ካፈነገጠ ምክንያቱን ፈልጉና ድገሙ። ይህን ሳታደርጉ ወደ ሒሳቡ መሮጥ ትልቅ ስህተት ነው።

7. ሒሳቡ

አር፣ ፓይተን ወይም ያለ ኮድ የሚሠራው ኦሬንጅ በሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በነጻ መሥራት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ውሰዱ። ሳቪትስኪ ጎላይ የሚባለው ዘዴ በ9 ነጥብ ይበቃል። ይህ የተደራረቡትን ጉብታዎች ይለያያቸዋል፣ ያጋደለውን መነሻ መስመርም ያቃናል። ቀጥሎ ቬክተር ኖርማላይዜሽን፤ የውፍረት ልዩነት ይጠፋል። ከዚያ ከ1200 እስከ 900 ያለውን ቁረጡና ክላስተር ሥሩ (የሚመሳሰሉትን በቡድን ሰብስቡ)፣ ርቀቱን በኢዩክሊድ፣ አያያዙን በዋርድ። የዛፍ ቅርጽ ያለው ሥዕል ይወጣላችኋል።

ዛፉን ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት አዲሱን ባክቴሪያ አይደለም። የጂጂን ሦስት ቀን ንባቦች ፈልጉ። የሰኞው፣ የረቡዕና የዓርቡ ጂጂ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተቃቅፈው ከተቀመጡ ሥራችሁ ይታመናል። ተበታትነው ከሆነ ቀሪው ሥዕል ምንም ቢያምር አትመኑት። የአንድ ስትሬን ንባቦች እርስ በርሳቸው ያላቸው ትልቁ ርቀት መለኪያችሁ ነው። ከዚያ በላይ የራቁትን ሁለት ባክቴሪያዎች «የተለያዩ ይመስላሉ» በሉ። ከዚያ በታች ያሉትን ደግሞ «በዚህ ዘዴ አልተለዩም» በሉ። «አንድ ናቸው» አትበሉ።

ኮምፒውተሩን አስተምራችሁ ስም እንዲሰጥ የምታደርጉ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ከአንድ ፔትሪ ዲሽ የተነበቡትን ሦስት ነጥቦች ሁለቱን ለማስተማሪያ፣ አንዱን ለፈተና አታድርጉ። ተማሪው ፈተናውን አስቀድሞ አይቶታል ማለት ነው፣ መቶ በመቶ ቢያገኝ አይግረማችሁ። ለፈተና የሚቀመጠው የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ይሁን። ሞዴሉ በማያውቀው ባክቴሪያ ላይም ስም እንዳይለጥፍ «አላውቀውም» የሚልበት ወሰን ስጡት። ከየቤቱ ቅል የሚወጣው እርጎ በየትኛውም ማመሳከሪያ ውስጥ የሌለ ባክቴሪያ ሊሰጣችሁ ይችላል። እኔ ይህን ሥራ የምወደውም ለዚሁ ነው። በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ እናቶቻችን ሲያቆዩት የኖሩት ነገር አጠገቡ የተገኘ ሌላ ስም ተለጥፎበት እንዲቀር አልፈልግም።

8. ማረጋገጥና መጻፍ

60 ባክቴሪያ ለክታችሁ ዛፉ ሰባት ቅርንጫፍ ሰጣችሁ እንበል። ከእያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ወኪል ምረጡና እነሱን ብቻ ለጂኖም ንባብ ላኩ። ወጪው ከ60 ወደ አሥር አካባቢ ወረደ። ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርካቦት (አግኝቶ የመጠቀም ፈቃድ) የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ይህን ይመለከታል። ፖስታው ከመዘጋቱ በፊት ይታሰብበት።

ሪፖርቱ ላይ የሚዲያውን ጠርሙስ ቁጥር፣ ሙቀቱን፣ ሰዓቱን፣ የለካችሁበትን መንገድ፣ የቆረጣችሁትን የሞገድ ክልልና የሒሳቡን ቅደም ተከተል ጻፉ። ጥሬውን ስፔክትረም ሳትነኩ ለብቻ አስቀምጡ።

ከዚያ በኋላ በየሥራው ቀን ጂጂን አብራችሁ ዝሩ፣ አብራችሁ ለኩ። በቅርንጫፉ ላይ ከሌለ የዚያን ቀን ናሙና ሁሉ እንደገና ይበቅላል።